እስኪነጋ ቆዩ

ስርጉት የመንገድ ቀያሽ ናት። በደብረ ታቦር ሥራዋን የሚያውቁላት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ስሟ ሲነሳ ግን ብዙ ሰው የሚያነሳው አንድ ታሪክ ነው። አባቷ የሞቱ ጊዜ ከእስቴ ወዲያ ባለ ተዳፋት ላይ መሣሪያዋን ተክላ ትለካ ነበር። ጠዋት በማለዳ የሥራ ባልደረቦቿ ጋቢያቸውን አጣፍተው ዳገቱን ተያይዘው ሲወጡ አየቻቸውና ነገሩ ገባት። የጀመረችውን ልኬት ጨረሰች፤ ቁጥሩን ለረዳቷ ጮክ ብላ ነገረችው፤ የመሣሪያውን ሦስት እግር አጥፋ ጭቃውን በጨርቅ ጠረገች፤ ሁሉንም ሣጥኑ ውስጥ ካስገባች በኋላ ወደ ሰዎቹ ዞራ «በሉ ንገሩኝ» አለች። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ከኋላዋ «ደረቋ» ይሏታል። ይህን ታውቃለች። ስሙን አትጠላውም፣ አትወደውምም።

መንገድ የሌለው ቀያሽ ቢሮ ይቀመጣል። ባለፉት ዓመታት አገሩ አንዴ እየተከፈተ አንዴ እየተዘጋ የመስክ ሥራ ቆመና ስርጉት ያረጁ ካርታዎች ስታስተካክል ውላ ወደ ቤቷ ትመለስ ጀመር። ኢንተርኔትም አብሮ የሚጠፋበት ሰሞን ነበር። ዮርዳኖስ ጨዋታውን ያመጣችው ያን ጊዜ ነው። ዮርዳኖስ ከሐዋሳ መጥታ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥነ ልቦና የምታስተምር፣ ስርጉት ከተከራየችበት ግቢ ጎረቤት ክፍል የምትኖር ልጅ ናት። ጨዋታው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው ቢባልም ሰሌዳ የለውም። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው በልቡ ይፈጥርና በዚያ ሰው አፍ ይናገራል፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ አገሩን፣ አየሩን፣ ጠላቱንና የቀረውን ሰው ሁሉ ሆኖ ይተርካል። አንድ ነገር መሳካት አለመሳካቱ ሲያከራክር ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጣላል። ተራኪውን ዳኛ አሉት።

ዳኛ ለመሆን ያሰበችው ዮርዳኖስ ራሷ ነበረች። ግን የምትተርከው አገር ርቀቱ አይያዝም፤ አንዱ መንደር ዛሬ የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ በሳምንቱ የሦስት ቀን ይሆናል። ስርጉት ይህን ዝም ብላ ማየት አልቻለችም። ካርታ ሠራችላት። ካርታውን የሠራ ዳኛ ይሁን ተባለ።

ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁለት ናቸው። ተስፋነህ የእብናት ልጅ ነው፤ ገበያው አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት ይሠራል። አንዱአምላክ የፊዚክስ መምህርና ዲያቆን ነው። አንዱአምላክ ተስፋነህን «ቆለኛው» ይለዋል፤ የደብረ ታቦርን ብርድ ሳይለምድ ስምንት ዓመት ሁለት ጃኬት ደርቦ የኖረ ሰው ሌላ ስም አይገባውም ባይ ነው። ተስፋነህ በበኩሉ ዳይስ በተጣለ ቁጥር «የጌታን ልብስ የተካፈሉት እንዲህ ዕጣ ጥለው አልነበረም ወይ፣ አባ?» እያለ ይጠይቀዋል። አንዱአምላክ በጨዋታው ውስጥ የመረጠው ሰው ሌባ ነው። ለምን ሌባ ሲባል፣ ሌላውን ሥራ በሳምንቱ ቀናት እሠራዋለሁ አለ።

ዮርዳኖስ በፍላሽ ይዛ ከመጣቻቸው መጻሕፍት አንዱ ፍርሃትን ወደ ጨዋታ እንዴት እንደሚያስገቡ የሚያስተምር ነበር። ጎቲክ የሚሉት ዓይነት ነው፤ የፈረሰ ግንብ፣ ጭጋግ፣ ተኩላ፣ ሞቶ ያልተቀበረ የግንቡ ጌታ። ስርጉት ልታሳትመው ወደ ጌጡ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደችው። ጌጡ ከፊት ገጹ ላይ ክዳኑ የተነሳ የሬሣ ሣጥን አይቶ መጽሐፉ የደብተራ መሆኑን ጠየቃት። አይደለም አለችው። አላመናትም፤ ቢሆንም አትሞና ጠርዞ፣ ሥዕሉ ወደ ውስጥ እንዲዞር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። አንዱአምላክ ደግሞ መጀመሪያ እኔ ልየው ብሎ ሳምንት ሙሉ አቆየው። ሲመልሰው፣ ከሥዕሉ በቀር የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ውስጡ ያለው ካህንም ጸሎቱን አያውቅም አለ።

እውነቱን ነው። መጀመሪያ መጽሐፉን እንዳለ ሲሞክሩት ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ስርጉት ጭጋግ መጣ ስትል ተስፋነህ፣ በክረምት ጭጋግ በበር ገብቶ ልብስ አላደርቅ ያለበት አገር ውስጥ ተቀምጠን ነው አላት። ግንብ ስትል አንዱአምላክ የመግቢያ ትኬቱን ጠየቀ። ተኩላውን ጅብ ብታደርገው፣ ጅብማ ቆሻሻ የሚያነሳልን እሱ ብቻ ነው ተባለ። ደም የሚጠጣው ጌታ ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ቁርጥ አዘዙለት።

ስርጉት አልተናደደችም። መጽሐፉን ይዛ ገባችና ሁለት ሳምንት አነበበችው። ውስጡ ሁለት ነገር እንዳለ አየች፤ ዕቃና ዘዴ። ዕቃው፣ ግንቡና ተኩላው፣ የሌላ አገር ነው። ዘዴው ግን የየትም ነው። ዘዴው የሚለው በአጭሩ፣ ሰው የሚፈራው የሚያውቀው ነገር በጥቂቱ ሲዛነፍበት ነው። ክፉው ሰው አይጩህ ይላል፤ ጨዋ ይሁን። በሩም አይቆለፍ፤ እንግዶቹ ራሳቸው መውጣት ይፈሩ። መጽሐፉ ሌላም ምክር ነበረው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች፣ በጠረጴዛው ላይ እንዳይመጣበት የሚፈልገውን አንድ ነገር ይናገር፤ ዳኛውም ያን ነገር እንደማያስገባ ቃል ይግባ ይላል።

እንደተባለው አደረጉ። አንዱአምላክ ታቦትና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አይነሳ አለ። ለማብሪያም ጧፍ ከለከለ፤ ሻማ ይሁን አለ። ዮርዳኖስ ሕፃን አይሙት አለች። ተስፋነህ «መርዶ» አለ።

ምክንያቱን አልጠየቁትም ነበር፤ ራሱ ነገራቸው። አባቱ የሞቱት እሱ ጎንደር ተማሪ ሳለ ነው። ዘመዶቹ ሊወስዱት መጥተው የአጎቱ ልጅ ቀለበት ልታስር ነው አሉት። አዲስ ሸሚዝ ለበሰ። መንገዱን ሙሉ ሲያስቁት፣ ሲያጎርሱት፣ ሸንኮራ ገዝተው እየላጡ ሲሰጡት ዋሉ። እንዲህ ተወድጄ አላውቅም አለ። እብናት ማታ ገብቶ ተኛ፤ ጎህ ሲቀድ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ቀሰቀሱት። አባቱ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

«ሞቱን ረስቼዋለሁ» አለ ተስፋነህ። «መንገዱ ነው ያልወጣልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ እስቃለሁ።» ቀጥሎ ወደ ስርጉት ዞረ። «በጨዋታው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን የኔ ሰው ቢሞትና ብትሰሚ፣ ቁጭ ብዬ እየሳቅኩ አታሳድሪኝ። አስነሺኝና ንገሪኝ። ቆሜ ልስማው።»

ስርጉት እሺ አለች። ተራዋ ደርሶ እሷስ ምን እንዳይገባባት እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ምንም የለኝም ብላ አለፈችው።

ከዚያ ያወጣችው ታሪክ ከጉና ግርጌ ይጀምራል። ሦስት መንገደኞች በቅሎ እየነዱ ተራራውን ሲያቋርጡ ይመሽባቸዋል። አንድ ቤት ያያሉ። በደጁ ቆመው፣ የመሸብን የእግዜር እንግዳ ነን ይላሉ። የቤቱ ጌታ ወጥቶ ያስገባቸዋል፤ እግራቸውን ያጥባል፤ አልጋውን ለቆ እሱ መደብ ላይ ይተኛል። እስከዚህ ድረስ ማንም ደገኛ የሚያደርገው ነው። የተዛነፈው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አይነጋም። እንግዶቹ ለመነሳት ባሰቡ ቁጥር ባለቤቱ በለሆሳስ «አገሩ ጭጋግ ነው፤ እስኪነጋ ቆዩ» ይላቸዋል። እነሱም ይቀመጣሉ። ምግብ ይጨመራል።

ይህን ጊዜ ማንም አልሳቀም። አንዱአምላክ አንድ እሑድ ወደ ቤቱ ሲሄድ የስልኩን መብራት አብርቶ ነበር የሄደው፤ ገና ሳይመሽ። የሚያስፈራው ምኑ እንደሆነ ዮርዳኖስ ብትጠይቀው፣ እንግዳን የሚጎዳ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፣ እንዲህ የሚንከባከብ ግን ምን ብዬ ልሽሸው አላት።

ጨዋታው እሑድ ከምሳ በኋላ፣ በስርጉት ቤት ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ ሻማ ይበራል። ስልኮቹ ተዘግተው አሮጌ አገልግል ውስጥ ይከተታሉ፤ ክዳኑም ይታሰራል። ይህም የመጽሐፉ ምክር ነው። ተስፋነህ ለዘመዶቹ ሲያወራ፣ እሑድ እሑድ ስልኬን እንደ ቋንጣ አገልግል ውስጥ ነው የማኖረው እያለ ያስቃቸው ነበር።

በነሐሴ አንድ እሑድ፣ ተስፋነህ ሳይመጣ፣ የአባቱ ወንድም አያ መርሻ ወደ ግቢው መጡ። ዝናቡ ገና አልቆመም። ስርጉት በሩን ስትከፍት ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ዮርዳኖስና አንዱአምላክ ቀድመው ገብተው ነበር። አያ መርሻ አልቀመጥም አሉና ቆመው ነገሯቸው። የተስፋነህ ታላቅ እህት አበበች፣ እብናት እህል የምትነግደው፣ አባታቸው ከሞቱ በኋላ እሱን ያስተማረችው፣ ጠዋት ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ላይ ወድቃ አልተነሳችም። ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ነው። መኪና ተይዟል። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ቤቱ ሄደው ያረዱታል፤ ከዚያው ይዘውት ይነሳሉ።

«እስከዚያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይደውልለታል» አሉ አያ መርሻ። «እናንተ ዘንድ ስልክ እንደሚዘጋ ነግሮኛል። እስኪመሽ ያዙልኝ፣ ልጆቼ። አጫውቱት። እንደሁልጊዜው።»

አንዱአምላክ እንዳሉ ይሆናል አላቸው። ስርጉት ዝም አለች። አያ መርሻ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ሄዱ።

ሦስቱ ብቻ ሲቀሩ ዮርዳኖስ ስርጉትን አየቻት። ቃል ገብተሽለታል አለች። ስርጉት ገብቻለሁ አለች። አንዱአምላክ ነገሩን በቀስታ ሊያስረዳ ሞከረ። አባቶች መርዶን ማለዳ ያደረጉት ሰውን ለማታለል አይደለም፤ በሌሊት የሰማ ሰው ከሐዘኑ ጋር ብቻውን ያድራል፤ ሲነጋ ግን ብርሃን አለ፣ ወገን አለ፣ የሚደግፍ ትከሻ አለ፤ በዚያ ላይ መንገዱ ማታ አይኬድበትም፣ ቢሰማስ ምን ያደርጋል? ዮርዳኖስ፣ የሚያደርገውን እሱ ይወቀው አለች። ስርጉት በክርክሩ አልገባችም። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ አራቱን ጠርዝ በአራት ድንጋይ ጫነች። ምን እንደወሰነች አልነገረቻቸውም። ምናልባት አልወሰነችም ነበር።

ተስፋነህ ጃኬቶቹ በስብሰው፣ በብርድ እየተንዘፈዘፈ ገባ። ስልኩን ራሱ አገልግሉ ውስጥ ከተተ። አንዱአምላክ ከከሰሉ ማንደጃ አጠገብ ካለው ወንበር ተነስቶ፣ እዚህ ተቀመጥ አለው። ያ ወንበር ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ የአንዱአምላክ ነበር፤ ተስፋነህ በር አጠገብ ተቀምጦ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚጫወተው። ተስፋነህ አመስግኖ ተቀመጠ። ዮርዳኖስ ዳቦ ቆረሰች፤ ትልቁን ለሱ ሰጠችው።

ጀመሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ስርጉት እንደ ሁልጊዜው በዝቅተኛ ድምፅ ተረከች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። መንገደኞቹ በዚያ ቤት የስንት ሌሊት ያህል እንደቆዩ አያውቁም። ባለቤቱ አዲስ ማር አምጥቷል። ተስፋነህ የሚጫወተው የበቅሎ ነጋዴ በጓሮ በኩል ሹልክ ብሎ በቅሎዎቹ መኖራቸውን ለማየት ፈለገ። ዳይሱን ጣለ፤ አንድ ወጣ። ከአንድ የከፋ ቁጥር የለም። በሌላ ቀን አንዱአምላክ በዚህ ጊዜ ለእብናት ሕዝብ ሁሉ የሚበቃ ስድብ ያዘንብ ነበር። አሁን «ግድ የለም፣ ድገመው» አለው።

ተስፋነህ ዳይሱን በጣቱ ይዞ ቀረ። ዲያቆኑን አየው፤ ቀጥሎ በሳህኑ ላይ ያለውን ዳቦ አየው። አልደገመውም፤ ነጋዴው በጓሮ ተሰናክሎ ወደቀ፣ ባለቤቱም አንስቶ ጉልበቱን በውኃ አጠበለት። ተስፋነህ በነጋዴው ድምፅ ቀጠለ።

«ጌታዬ» አለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለምንድን ነው እንዲህ ደግ የሆኑልን?»

ባለቤቱ የምትሆነው ስርጉት ናት፤ መልሱ ከሷ ነው የሚጠበቀው። የመጽሐፉን ገጽ ገለጠች። ተስፋነህ ፈገግ አለና በራሱ ድምፅ ለሌሎቹ፣ እኔ እንዲህ ያለ ደግነት አንድ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሸንኮራ እየላጡ ሲሰጡኝ አላቸው። ማንም አልሳቀም። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ። ዓይኑ ወደ ታሰረው አገልግል ሄደ።

ስርጉት መጽሐፉን ዘጋች። ቆመች።

«ተስፋነህ» አለች፣ «ተነስ።»

ተነሳ።

«ማን ነው?» አለ።

«አበበች። ዛሬ ጠዋት፣ ከቅዳሴ ስትመለስ ወድቃ። አርፋለች።»

አንዱአምላክ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ተስፋነህ አልጮኸም። ከጠረጴዛው ጠርዝ የያዘው እጁ ካርታውን ሳበው፤ አንዱ ድንጋይ ወደቀ። ማን እንደነገራቸው፣ መቼ እንደሰሙ፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ስርጉት የጠየቀውን ብቻ፣ በጠየቀው ቅደም ተከተል መለሰች። አያ መርሻ ነገ ጎህ ሲቀድ ሊያረዱት እንዳሰቡም ነገረችው። ስልኩን ላውጣልህ ወይ አለችው። አይ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ተቀመጠ። የወደቀውን ድንጋይ አንስቶ ካርታው ላይ መለሰው።

«ጠይቄ ነበር» አለ። «ባለቤቱ አልመለሰልኝም።»

ዮርዳኖስ ይብቃን ልትል አፏን ስትከፍት ስርጉት ቀደመቻትና ተቀመጠች። በባለቤቱ ድምፅ መለሰች፤ «ስትሄዱ ቤቱ ባዶ ስለሚሆን ነው።»

«እንግዲያው እንሄዳለን» አለ የበቅሎው ነጋዴ።

ዳይስ አልተጣለም። ስርጉት በሩ ተከፈተ አለች። ውጭው ጭጋግ ነው፤ አይታይም፤ ግን መንገድ አለ። መንገዱን ነገረችው። በእግሯ የለካችው የእውነት መንገድ ነበር፤ ከጉና ትከሻ ገብሱ መካከል ወርዶ፣ የድንጋይ ካቡን በግራ ትቶ፣ ወንዙ ጋ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ብርዱ እየለቀቀ፣ ግራሩ እየበዛ ወደ ቆላው የሚወርድ። አንዱንም መታጠፊያ አልዘለለችም። ተስፋነህ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። በቅሎዎቹ አብረው አሉ ወይ ብሎ አንድ ጊዜ ጠየቀ። አሉ አለችው። እብናት ከላይ የሚታይበት ቦታ ላይ ስትደርስ አቆመች።

ሻማው ሲጠፋ ውጭው ገና ብርሃን ነበር። ተስፋነህ ጃኬቱን ለበሰ።

«አያ መርሻን አታሳፍሯቸው» አለ። «እንደሰማሁ ካወቁ ከናንተ ይጣላሉ፤ በሽምግልናቸውም ያዝናሉ። ጠዋት ይምጡ። እሰማለሁ። ዓመት ሙሉ መጫወት ስማር አልነበር እንዴ?»

አንዱአምላክ አብሮት ሊያድር ተከትሎት ወጣ። በሩ ላይ ጃንጥላውን ዘረጋለት፤ ተስፋነህ፣ «በቃህ አሁን፤ ስደበኝ» አለው። አንዱአምላክ ሊሰድበው ሞክሮ አቃተው።

ጎህ ሲቀድ ስርጉትና ዮርዳኖስ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመው ነበር። የእድሩ ሰዎች፣ የመድኃኒት ቤቱ ባልደረቦች፣ ጥቁር ነጠላ የለበሱ ሴቶች በጭቃው ላይ ተኮልኩለዋል። አያ መርሻ በሩን አንኳኩ። አንዱአምላክ ከፍቶ ገለል አለ። ተስፋነህ ጋቢ ተከናንቦ ወጣ። ደህና አደራችሁ ወይ አለ፤ እጅ ነሳ። ሰዉን አየና፣ ምነው በጠዋቱ፣ በደህናችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ልክ ነበር። ከእንቅልፍ የተነሳ፣ ገና ያልገባው ሰው ድምፅ ነው። ስርጉት ዳኛ ሆና ስትሰማው፣ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጫውቶ እንደማያውቅ አሰበች።

ያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጋቢው በታች ጫማውን አድርጓል፤ ክሩም እስከ ላይ ታስሯል።

አያ መርሻ ዓይናቸው ወደ ጫማው ወረደ። እዚያው ቆየ። ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ ተስፋነህ ፊት ተመለሰ። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች እየጠበቁ ነው። አያ መርሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ምንም እንዳላዩ፣ ለዚህ ቀን ያዘጋጁትን ቃል ከመጀመሪያው አንስተው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ሰው ሁሉ ኋላና ፊት እንጂ መሄዱ አይቀርም አሉ። እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደ አሉ። ስሟን ጠሩ። ተስፋነህ አዳመጣቸው። ዋይታው ተነሳ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ እሱ እንደቆመ ቀረ። ደነዘዘ፣ ውኃ ስጡት አለ አንዱ። ስርጉት በሌላ ተዳፋት፣ በሌላ ጠዋት ስለ አንዲት ሴትም እንዲሁ ሲባል ሰምታ ነበር።

ስርጉትም እብናት ሄዳ አበበችን ቀበረች። መንገዱ ክፍት ነበር። ስትመለስ አያ መርሻ ሚኒባሱ በር ላይ እጇን ያዙ። «በደንብ ይዛችሁልናል፣ ልጄ» አሉ። «ነግቶ እስኪሰማ ድረስ በደንብ ይዛችሁልናል።» እያወቁ ይሁን ሳያውቁ፣ ምስጋና ይሁን ወቀሳ፣ ከፊታቸው ማንበብ አልቻለችም። እግዜር ያጥናዎት አለቻቸው።

ተስፋነህ የአርባውን ተዝካር አውጥቶ ከተመለሰ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ መጣ። ጸጉሩ አድጓል። ስልኩን ዘግቶ አገልግሉ ውስጥ ከተተ። ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ወንበር ሄደ። አንዱአምላክ ከከሰሉ አጠገብ ሆኖ፣ ቆለኛው ጃኬቱን ወደ ሦስት አሳደገ አለ፤ ተስፋነህም አባ ዛሬስ ለማን ልብስ ነው ዕጣው አለው። ዮርዳኖስ ዳቦውን እኩል ቆረሰች። አዲስ ታሪክ ጀመሩ። የጉናውን ቤት ማንም አላነሳውም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ቀድመው ወጡ። ተስፋነህ ካርታውን ሲያጣጥፍ ቆየ። ያን ሌሊት አንዱአምላክ መሬት ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ፣ እሱ ጫማውን አስሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንዳደረ ነገራት። በመንፈቀ ሌሊት ተነስቼ በእግሬ ልሂድ ብዬ ነበር አለ፤ የነገርሽኝን መንገድ ሁሉንም አስታውሼዋለሁ። ግን ወዴት ነው የምሄደው? ሞታለች። ስለዚህ መቀመጥ ብቻ ነበር።

«ሌሊቱ ረጅም ነው» አለ። «ባላውቅ ኖሮ ያን ሌሊት እህት ነበረችኝ። ተኝቼ አድር ነበር።»

ስርጉት አጥፍቻለሁ ወይ ብላ ጠየቀችው።

«አላጠፋሽም። አድርጊ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው።» ካርታውን ለአራተኛ ጊዜ አጠፈና ሰጣት። «እናቴ አለች። እሷም እርጅና ይዟታል። የሷ ጊዜ ሲደርስ፣ ስርጉት፣ እስኪነጋ ተዪኝ።»

እሺ አለች። ቆሜ ልስማው ያላት ቀንም እሺ ያለችው በዚሁ ድምፅ ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደች፣ የቀዘቀዘውን አመድ ከማንደጃው ደፋች፣ አገልግሉን ከፍታ የራሷን ስልክ አውጥታ አበራች። የደወለላት ሰው አልነበረም።